የሄርፒስ ቫይረስና የድድ በሽታ ግንኙነት ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ ከንፈሩ ዳር ውሃ የቋጠረ ቁስል የወጣበት ሰው «ምች መታኝ» ይላል። ዳማከሴ ይታሻል፣ ይጨመቃል፣ ሳምንት አስር ቀን ቆይቶ ቁስሉ ይደርቃል። ምች የምንለው ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም። የከንፈሩ ቁስል ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ከተባለ ቫይረስ ነው። ሰዎቻችን ፀሐይን መጠርጠራቸውም ልክ ነው። የፀሐይ ጨረር ቫይረሱን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ነው፤ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ደግሞ ጨረሩ ይበረታል።

የዚህ ቫይረስ ዘመዶች ብዙ ናቸው። አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው አንዱ ነው። ኤፕስታይን ባር እና ሳይቶሜጋሎ የሚባሉትም አሉ፤ አብዛኛው አዋቂ ሰው ሳያውቀው ተሸክሟቸው ይኖራል። የጋራ ጠባያቸው አንዴ ከገቡ አለመውጣታቸው ነው። ሰውነት ውስጥ ተኝተው ይቆያሉ፣ አቅም ሲደክም ይነሳሉ።

አሁን ወደ ድድ እንምጣ። ጥርስ ሲቦረሽ ወይም በመፋቂያ ሲፋቅ ድድ ከደማ፣ ብዙ ጊዜ ጥርስና ድድ መገናኛ ላይ ባክቴሪያ ተከማችቷል ማለት ነው። በዚህ ደረጃ ከታከመ ይድናል። ችላ ከተባለ ግን ድዱ ከጥርሱ እየተላቀቀ ኪስ ይፈጠራል፣ ጥርሱን የያዘው አጥንት ይበላል፣ ጥርሱ መነቃነቅ ይጀምራል። ሐኪሞች ይህን ፔሪዮዶንታይትስ ይሉታል።

ለረጅም ጊዜ ጥፋተኛ ተደርገው የተያዙት ባክቴሪያዎች ብቻ ነበሩ። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አልፈታ ብሎ ቆየ። ጥርሳቸው ላይ እኩል ቆሻሻ ያለባቸው ሁለት ሰዎች ለምን እኩል አይታመሙም? የአንድ ሰው አንድ ጥርስ ሲፈርስ አጠገቡ ያለው ጥርስ ለምን ደህና ይሆናል? እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በደቡባዊ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዮርገን ስሎትስ እና አዶልፎ ኮንትሬራስ የታመሙ የድድ ኪሶችን መረመሩ። ኤፕስታይን ባርንና ሳይቶሜጋሎን ከጤነኛው ድድ ይልቅ በታመመው ውስጥ ደጋግመው አገኙ።

ሐሳባቸው እንዲህ ነው። ድድ ሲቆጣ ነጭ የደም ሴሎች ለመከላከል ይመጣሉ። ቫይረሶቹ የሚተኙት ግን እነዚሁ ሴሎች ውስጥ ነው። በጭንቀት፣ በሌላ ሕመም ወይም በድዱ መቆጣት በራሱ ቫይረሱ ሲነቃ ተከላካዮቹ ይዳከማሉ፤ እረኛው ሲታመም ቀበሮ በጎቹ መሃል እንደሚገባ ሁሉ ባክቴሪያውም ይበረታል። ከቁጣው የሚወጡት ኬሚካሎች ደግሞ አጥንት የሚበሉ ሴሎችን ያነሳሳሉ። ነገሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ አይደለም። ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የተባለው ዋናው የድድ ባክቴሪያ የሚያመነጨው ቡቲሪክ አሲድ የተኛውን ኤፕስታይን ባር ሊቀሰቅስ እንደሚችል በላቦራቶሪ ታይቷል። ለእኔ ከሁሉ የሚገርመው ይህ ነው፤ ሁለቱ እርስ በርስ ይጠቃቀማሉ።

በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ የናይጄሪያ ጥናትም አለ። ድዳቸው በድንገት እየሞተ የሚቆስል፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት ላይ እነዚህ ቫይረሶች፣ በተለይ ሳይቶሜጋሎ፣ በብዛት ተገኝተዋል። ይህ ቁስል ፊትን የሚበላው የኖማ መነሻ ሊሆን ስለሚችል ጉዳዩ ለእኛም ሀገር ቅርብ ነው። ኖማ ኢትዮጵያ ውስጥም አለ።

ታዲያ ተረጋገጠ? አልተረጋገጠም። ቫይረሱ ቁስሉ ውስጥ መገኘቱ በሽታውን አመጣው ማለት አይደለም። ቁጣው የሳባቸው ነጭ የደም ሴሎች ይዘውት መጥተው ሊሆን ይችላል። ልዩነት ያላገኙ ጥናቶችም አሉ። ስለዚህ ድድ ደማ ብሎ ፋርማሲ ሄዶ አሲክሎቪር የተባለውን የሄርፒስ መድኃኒት መግዛት ስህተት ነው። ለተለመደው የድድ በሽታ የሚታዘዝ መድኃኒት አይደለም። የሚሠራው የታወቀው ነው፤ ጥርስን በባለሙያ ማሳጠብ፣ ድድ ሥር ያለውን ድንጋይ ማስነሳት፣ በየቀኑ መቦረሽ፣ ሲጋራ መተው፣ ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩን መቆጣጠር። ኪሱ ሲጸዳ የቫይረሱም መጠን እንደሚቀንስ ያሳዩ ጥናቶች አሉ።

አንድ ቦታ ላይ ግን ክርክር የለም፤ እሱም ሕፃናት ላይ ነው። ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ሕፃንን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲይዝ ድዱ ሊቀላ፣ ሊያብጥና ሊደማ ይችላል። ትኩሳት ይኖረዋል፣ አፉ ይቆስላል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ምግብ እምቢ ይላል። ስለዚህ ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው እባካችሁ ሕፃን አይሳም፤ ለአራስ ልጅ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። የታመመውን ልጅ ቀዝቀዝ ያለ ፈሳሽ በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ ማጠጣት ያስፈልጋል። መጠጣት ካቃተው ወይም ሽንቱ ካነሰ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይወሰድ።