«ገና አልተበጠሰም እኮ!» ስለ ተራራ ብስክሌት ዕቃ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጋሼ፣ አዲስ ሰንሰለት አስገቡልኝ፤ ጭራሽ ባሰበት!»

ይህን ስሞታ ሳልሰማ ያለፍኩት ወር የለም። ተናጋሪው ይለያያል እንጂ ታሪኩ አንድ ነው። ዳገት ላይ ፔዳሉን ጫን ሲለው ሰንሰለቱ ከጥርሱ ይዘልላል፣ እግሩ ባዶ ይረግጣል፣ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ይላተማል። ይናደድና አሮጌውን ሰንሰለት ከቆሻሻ መጣያ አውጥቶ መልሶ ይገጥመዋል፤ ያ ደግሞ እንከን አይወጣለትም። ከዚያ ወዲያ ሰውዬውን የሚያሳምነው የለም። ወይ አዲሱ ሰንሰለት አስመስለው የሠሩት ነው፣ ወይ መካኒኩ አጭበርባሪ ነው።

አስመስለው የሠሩት ሰንሰለት አለ፤ አጭበርባሪ መካኒክም ሞልቷል። እዚህ ላይ ግን ጥፋተኛው ያው «ደህና ነበር» የተባለው አሮጌ ሰንሰለት ነው።

ሰው ሰንሰለትን እንደ ጫማ ማሰሪያ ያየዋል፤ እስካልተበጠሰ ድረስ ጤነኛ ነው። «ኧረ ገና አልተበጠሰም እኮ!» ሲሉኝ ጥርሴን ነክሼ ነው የማልፈው። ሰንሰለት ሳይበጠስ ነው የሚያልቀው። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ውስጥ ትንሽ የብረት ዘንግ አለች። ሰንሰለቱ በታጠፈና በተዘረጋ ቁጥር ዘንጓ ከአቃፊዋ ጋር ትፋተጋለች፤ ዘይትና አሸዋ ተላቁጠው ሲገቡባት ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዷታል። ብዙዎች «ሰንሰለቱ ተለጠጠ» ይላሉ። ብረቱ ምንም አልተለጠጠም። በየመጋጠሚያው የተከፈተችው የፀጉር ያህል ክፍተት ከመቶ በሚበልጡ መጋጠሚያዎች ላይ ስትደመር ነው ሰንሰለቱ የሚረዝመው።

ይህን ዓይን አያየውም፤ ተራ ማስመሪያ ግን ይለካዋል። አዲስ ሰንሰለት ላይ ከአንዷ ዘንግ መሃል እስከ ቀጣዩዋ ዘንግ መሃል ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። የማስመሪያውን ዜሮ በአንዷ ዘንግ መሃል ላይ አድርጋችሁ 24 መጋጠሚያ ቁጠሩ፤ 304.8 ሚሊ ሜትር ላይ ማረፍ አለበት። በ1.5 ሚሊ ሜትር ካለፈ ግማሽ በመቶ ረዝሟል፤ ባለ 11 እና ባለ 12 ማርሽ ብስክሌት ላይ መቀየሪያው ጊዜ ይኸው ነው። ባለ 9 እና ባለ 10 የሆነው እስከ 2.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይታገሳል። 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ አንድ በመቶ ሞልቷል፤ ያኔ ጉዳዩ የሰንሰለት ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ምክንያቱም የረዘመ ሰንሰለት ካሴቱን፣ ማለትም የኋላውን የጥርስ ድርድር፣ በራሱ ልክ ይሞርደዋል። ሁለቱ እንደ ቆዩ ባልና ሚስት አብረው ያረጃሉ፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሸፍን ኮሽታ አይሰማም። አዲሱ ሰንሰለት ሲመጣ ግን 12.7 ሚሊ ሜትሩን ይዞ ይመጣል፤ የተበሉት ጥርሶች የለመዱት የረዘመውን ነው። ጭነት ሲበዛበት በጥርሱ ጀርባ ሽቅብ ይንሸራተትና ይዘልላል። አዘውትራችሁ የምትነዱበት ጥርስ ላይ እየዘለለ እምብዛም ያልተነካው ጥርስ ላይ ሰላም ከሆነ፣ ሰንሰለቱን አትውቀሱት። ጥፋቱ የእሱ ቢሆን ኖሮ ጥርስ ባልመረጠ ነበር።

አንድ ደንበኛዬ ለሦስት ዓመት በአንድ ሰንሰለት ነዳ፤ ይኮራበትም ነበር። ስለካው ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ አልፏል። «ወይ ሰንሰለቱንም ካሴቱንም የፊቱንም ጥርስ አንድ ላይ ቀይር፣ ወይ ምንም አትንካና እስኪሞት ንዳው» አልኩት። ልቤን አውልቆ ሄደና ሰንሰለቱን ብቻ ከሌላ ቦታ ገዝቶ ገጠመ። በማግስቱ አገጩ ላይ ፕላስተር ለጥፎ መጣ። አብሮት የሚነዳ ጓደኛው በየወሩ ይለካል፤ በአንድ ካሴት ላይ አራተኛ ሰንሰለቱን እያሠራ ነው። መንገዳቸው አንድ፣ ጭቃቸው አንድ። ከሦስቱ ዕቃዎች ርካሹ ሰንሰለቱ ነው፤ ርካሹን ላትርፍ ብሎ ውዱን ማስበላት ምን ዓይነት ቁጠባ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

«በስንት ኪሎ ሜትር ልቀይረው?» የሚለውንም ተዉት። ጭቃ ላይ የሚንከባለልና በደረቅ መንገድ የሚነዳ እኩል አይበላም። ማስመሪያውን ጠይቁት።

ሰንሰለትን ካነሳን ዘይትም አለ። «ዘይት ከበዛ አይጎዳም» የሚለው ይጎዳል። ዘይት የሚፈለገው ውስጥ፣ ዘንጓ ጋ ነው። ውጭ ላይ የተንጠባጠበው ሥራው አቧራ መሰብሰብ ብቻ ነው። በየመጋጠሚያው አንድ ጠብታ አድርጉ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ጥቂት አዙሩ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ጣታችሁን እስከማያጠቁር ድረስ በጨርቅ ጥረጉት። እጅግ ብዙ ሰው የመጨረሻዋን ይዘላታል።

«ደብሊው ዲ 40 እየረጨሁበት ነው፤ ዘይት አያጣም» ለምትሉት ደግሞ፦ ያ ፈሳሽ በ1953 ሲሠራ ዓላማው ውሃን ከብረት ላይ ማባረር ነበር፤ ስሙም «ውሃ አባራሪ፣ 40ኛው ሙከራ» እንደማለት ነው። የዛገ ቡሎን ለማላቀቅ እኔም እጠቀምበታለሁ። ሰንሰለት ላይ ግን ቀጭን ስለሆነ አይቆይም፤ ውስጥ የነበረውንም ዘይት አጥቦ ያወጣዋል። አምራቹ ራሱ ለብስክሌት ሰንሰለት ሌላ ዘይት ለይቶ መሥራቱ ይበቃችኋል። ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ግን ብናኙ ወደ ፍሬን ዲስኩ ሲሄድ ነው። ዘይት የነካው የፍሬን ሸራ ይጮኻል እንጂ አይይዝም። ዲስኩን በአልኮል መጥረግ ይቻላል፤ ሸራው ግን ዘይቱን ስለሚጠጣው አብዛኛውን ጊዜ ዕጣው መጣል ነው። በአሸዋ ፈግፍገው፣ በእሳት አሙቀው የሚያድኑት አሉ፤ ቁልቁለት ላይ ሕይወቴን ለዚያ ሸራ አልሰጥም።

ፍሬን ላይ ሁለተኛው በሽታ «የፍሬን ዘይት ያው የፍሬን ዘይት ነው» የሚለው ነው። አይደለም! የሺማኖ ድርጅት ፍሬን የሚሠራው በማዕድን ዘይት ነው። ሌላው ድርጅት ስራም ለብዙ ዓመታት ዶት 5.1 የሚባለውን፣ መኪና ላይም የሚገባውን ዓይነት የፍሬን ዘይት ሲጠቀም ኖሮ አሁን አንዳንድ ሞዴሎቹን ወደ ማዕድን ዘይት አዙሯል፤ ስለዚህ የድርጅቱን ስም ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ እጀታው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ለማዕድን ዘይት በተሠራ ፍሬን ውስጥ ዶት ሲገባ ጎሚኒዎቹ ያብጣሉ። ከመኪናው የተረፈውን ዘይት የሞላ አንድ ሰው እጀታው ተጨምቆ አልመለስ ብሎት መጣ፤ ከላይም ከታችም ሙሉውን አውልቀን ጣልነው። «ዶት 5 እና ዶት 5.1 ያው ናቸው» የሚለውም ሌላ ወጥመድ ነው፤ ዶት 5 በሲሊኮን የሚሠራ የተለየ ፈሳሽ ነው፤ ከ5.1 ጋር አይቀላቀልም።

«አዲሱ ሸራ አይይዝም፤ ተታለልኩ።» አልተታለላችሁም፣ አላሟሻችሁትም። ሜዳ ላይ መካከለኛ ፍጥነት ይዛችሁ ሳትቆሙ ቀስ እያላችሁ 20፣ 30 ጊዜ ያዙት።

ጎማ በደንብ ሲነፋ ይፈጥናል የሚሉ አሉ፤ አስፋልት ላይ እውነት አለው፤ ድንጋይና የዛፍ ሥር የበዛበት መንገድ ላይ ግን ያነጥራችኋል እንጂ አይይዝም። ካላማዳሪ በሌለው ጎማ ውስጥ የሚጨመረው ወተት መሰል ማሸጊያም አንዴ ተጨምሮ ለዘለዓለም የሚኖር አይደለም፤ በጥቂት ወራት ይደርቃል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ትልቁ ራስ ምታቴ፣ የሚገጥም ዕቃ ወደ መምረጥ። የሚጠይቀኝ ሰው እንዲህ ይለኛል፦ «29 ጎማ ነው ያልኩህ፤ ሌላ ምን ያስፈልግሃል?»

ብዙ ነገር ያስፈልገኛል። 29 የሚባለው ቸርኬ ጎማው የሚያርፍበት ክቡ 622 ሚሊ ሜትር ነው፤ 27.5 የሚባለው 584፣ የድሮው 26 ደግሞ 559። የአስፋልት ብስክሌት 700 የሚባለውም ያው 622 ነው፤ ስሙ የተለያየ እንጂ ክቡ አንድ ነው። የጎማው ጎን ላይ በትንሹ የተጻፈችው ሦስት አሃዝ ከትልቁ ጽሑፍ በላይ እውነት ትናገራለች። ይህ ግን ገና መጀመሪያው ነው። የጎማው እምብርት ስፋት አለ፦ የቆየው አሠራር ፊት 100፣ ኋላ 135 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ቡስት የሚባለው ፊት 110፣ ኋላ 148 ነው። የዘንጉ ውፍረት አለ። ዲስኩ በ6 ቡሎን ይታሰር ወይም በመሃሉ ጥርስ ላይ ይሰካ እንደሆነ መታወቅ አለበት። ከሁሉም በላይ ካሴቱ የሚሰካበት እምብርት ዓይነቱ ይለያያል፦ የቆየው የሺማኖ ኤች ጂ፣ የስራም ኤክስ ዲ፣ የሺማኖ ማይክሮ ስፕላይን። አንዱ በሌላው ላይ አይገባም።

«ባለ 12 ማርሽ ካሴት ስጠኝ» የሚለውም ለዚህ ነው መልስ የማይሆነው። ትንሹ ጥርስ 10 ከሆነ ኤች ጂ ላይ አይቀመጥም። ከ11 የሚጀምር ባለ 12 ደግሞ አለ፤ የስራም ኤን ኤክስ ኢግል እንዲህ ነው፤ በቆየው ኤች ጂ ላይ ይገባል። ቁጥሩ 12 መሆኑ ለእኔ ግማሽ መረጃ ነው።

ይባስ ብሎ ገብቶ የማይሠራ አለ። የሺማኖ ባለ 10 የተራራ ማርሽ ቀያሪ ባለ 9 የነበረበት ብስክሌት ላይ ያለ ምንም ችግር ይታሰራል፤ ቡሎኑ አንድ ነው። የባለ 9 የማርሽ እጀታ የሚስበው የሽቦ ርዝመት ግን ለእሱ ልክ አይደለም፤ ስለዚህ አንዱን ማርሽ ስታስተካክሉ ሌላው ይበላሻል። አንድ ወጣት ይህን ለማስተካከል ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ቪቴ ሲያዞር ከርሞ መጣ። ቢያዞረው ዓመትም አይሆንለት።

ማርሹ ድንገት አልገባ ሲል ማርሽ ቀያሪ ለመግዛት የሚሮጥም አለ። ብስክሌቱ በቀኝ ጎኑ ወድቆ ነበር? ከሆነ መጀመሪያ ማርሽ ቀያሪው ከቴላዮው (ከብስክሌቱ ዋና አካል) ጋር የሚያያዝበትን ትንሽ ጆሮ እዩ። ጆሮው ከለስላሳ አሉሚኒየም የሚሠራው ሆን ተብሎ ነው፤ እሱ ታጥፎ ቴላዮውን እንዲያድን። ችግሩ በየብስክሌቱ ቅርጹ መለያየቱ ነበር፤ ከ2019 ወዲህ ስራም ያወጣው ዩ ዲ ኤች የሚባለው አንድ ወጥ ጆሮ በብዙ አዳዲስ ብስክሌቶች ላይ መጥቷል። የእናንተ ከዚያ የቀደመ ከሆነ፣ ሳይሰበር በፊት አንድ መለዋወጫ ገዝታችሁ ቦርሳ ውስጥ ጣሉት። ረጅም መንገድ ወጥቶ ጆሮው የተሰበረበት ሰው ብስክሌቱን እየገፋ ነው የሚመለሰው።

«ውድ ዕቃ ብዙ ይቆያል።» ውድ ዕቃ ይቀላል። ውዶቹ ካሴቶች ክብደት ለመቀነስ ከአሉሚኒየምና ከቲታኒየም የተሠሩ ጥርሶች አሏቸው፤ እነዚህ ከተራው ብረት ቀድመው ይበላሉ። ለውድድር ካልሆነ መካከለኛውን ግዙና የተረፈውን ለሰንሰለት አድርጉት።

የፊቱ አሞርዛተር ዘይት ካላፈሰሰ አይነካም የሚሉትን አልቆጣቸውም፤ ማንም አልነገራቸውም። ብዙ አምራቾች በየ50 ሰዓት መንዳት የታችኛው እግር ተፈትቶ እንዲጸዳና ዘይቱ እንዲቀየር ይላሉ። ዘይቱ ወደ ውጭ ሳይወጣ እዚያው ውስጥ ይጠቁራል። በኃይለኛ የውሃ ግፊት የሚያጥቡትን ግን እቆጣቸዋለሁ፤ ጭቃውን ከላይ አንስተው ውሃውን ኩሽኔታው ውስጥ ያስቀምጡታል።

«የግራው ፔዳል ዝጎ አልፈታ አለኝ።» ዝጎ ላይሆን ይችላል። የግራ ፔዳል ጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው። ቀኝና ግራውን ማስታወስ ካስቸገራችሁ መፍቻውን ሽቅብ አቁማችሁ ወደ ብስክሌቱ ኋላ ግፉት፤ ሁለቱም ፔዳሎች የሚፈቱት በዚያ ነው። አንድ ጎረምሳ መፍቻው ላይ የብረት ቱቦ ሰክቶ፣ ቱቦው ላይ ቆሞ ሲዘልል አገኘሁት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲያጠብቀው ነበር።