ተንቀሳቃሽ የግድግዳ ሥዕል ምንድን ነው?

የግድግዳ ሠዓሊ በጋለሪ ኤግዚቢሽን ሲከፍት ምን ይዞ ይገባል? ብዙዎቹ ሸራ ላይ የሠሩትን ያሳያሉ፤ የግድግዳዎቻቸውን ፎቶግራፍ የሚሰቅሉም አሉ። ሌላው መንገድ ለጋለሪው የሚሆን ግድግዳ መሥራት ነው። ተንቀሳቃሽ የግድግዳ ሥዕል የሚባለው ይሄ ነው።

የታወቀው ምሳሌ ሜክሲኳዊው ዲዬጎ ሪቬራ ነው። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1931 መጨረሻ ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጅለት፣ ዝነኛ ሥራዎቹ ሜክሲኮ ውስጥ የሕንፃ አካል ነበሩ። ስለዚህ ከመክፈቻው ስድስት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ አስመጡት፤ እዚያው ሙዚየሙ ውስጥ መሥሪያ ቦታ ሰጡት። አምስት ሥዕሎች ለመክፈቻው ደረሱ፤ ሦስቱ በኋላ ተጨመሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው፤ በብረት የተያዘ የሲሚንቶ ገበታ ይዘጋጅና በኖራ ይለሰናል። ልስኑ ሳይደርቅ በውሃ የተበጠበጠ ቀለም ይቀባል። ኖራው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ሲጠነክር ቀለሙን ይዞ ይቀራል። ለዚህ ነው ሠዓሊው በዚያው ቀን ሥሎ ከሚጨርሰው በላይ የማያስለስነው። ከደረቀ በኋላ ስህተት ቢያይ ልስኑን ፍቆ እንደ አዲስ መጀመር ነው። ተንቀሳቃሽ ይባል እንጂ በቀላሉ የሚነሳ ነገር አይደለም፤ ክብደቱ የሲሚንቶ ነው።

ከስምንቱ እኔን የሚይዘኝ በሜክሲኮ አብዮት የገበሬዎቹ መሪ የነበረው የኤሚሊያኖ ሳፓታ ሥዕል ነው። ሪቬራ ኩዌርናቫካ ከተማ ከሠራው ትልቅ የግድግዳ ሥዕል አንዱን ክፍል ወስዶ እንደገና የሣለው ነው። ሳፓታ በፎቶግራፎቹ ላይ ሽክ ያለ ፈረሰኛ ነው፤ ሪቬራ ግን የገበሬ ነጭ የጥጥ ልብስ አለበሰው፣ የሸንኮራ አገዳ መቁረጫ አስያዘው፣ ነጭ ፈረስ በልጓም አስጎተተው። ከእግሩ ሥር የመሬት ከበርቴው ሞቶ ተዘርግቷል። ታሪክ ጠያቂ ሰው ይከራከረው ይሆናል፤ እንደ ሥዕል ግን ሰውየውን ከገበሬዎቹ ጋር አንድ ያደረገው ይሄ ፈጠራ ነው።

እኛም ጋ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ብዙ ጊዜ የጥጥ ጨርቅ ላይ ሥለው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ ነበር። ጨርቅ ደግሞ ይላጣል። የፈረንሳዊው የባህል አጥኚ የማርሴል ግሪዮል ቡድን እ.ኤ.አ. በ1932 የጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ሥዕሎች አንስቶ ቅጂ ተካባቸው፤ ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። እነዚያን ግን ሠዓሊዎቹ ለጉዞ አላሰቧቸውም።