«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ»፦ ከየት መጣ? ዛሬስ ይሠራል?

ይህን አባባል ያልሰማ አለ ብዬ አላስብም። ባለመብት ቢዘገይም መብቱን አያጣም ማለት ነው። ለአገር ጉዳይም፣ ለፖለቲካ ጥያቄም፣ ለተካደ ገንዘብም ይጠቀሳል። መነሻው ግን መሬት ነው።

በጎጃምና በጎንደር የርስት ሥርዓት አንድ አባት ቀድሞ መሬቱን ያቀናል። ከእሱ የተወለደ ሁሉ፣ በአባቱም ይቁጠር በእናቱ፣ ከዚያ መሬት ድርሻ አለው። ሴትም ትወርሳለች። ሰውየው ዘምቶ ቢቀር ወይም ሌላ አገር ቢከርም መብቱ አይሞትም። የልጅ ልጁ መጥቶ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ዘሩን ይቆጥርና፣ ሽማግሌ ያስመሰክርና «ድርሻዬን» ይላል። ሺህ ዓመቱ ማጋነን ቢሆንም ሐሳቡ የምር ነበር። ንጉሥ የሰጠውን ጉልት፣ ማለትም ከመሬቱ ግብር የመቀበል መብት፣ መልሶ ሊወስደው ይችላል፤ ርስት ግን በዘር ይወርዳል። ከብቱና በቅሎው ደግሞ ለልጆች ተከፋፍሎ ያልቃል። ለላም እንዲህ ያለ ተረት የወጣላት አይመስለኝም።

የሚገርመኝ ይህ እምነት ዘመናዊው ሕጋችን ውስጥም መግባቱ ነው። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1000 ተመልከቱ። አንድ ሰው ያለ መብቱ ወራሽ ነኝ ብሎ ንብረቱን ይያዝ እንበል። እውነተኛው ወራሽ መብቱንና የንብረቱን መያዝ ካወቀ ጀምሮ ለመክሰስ ያለው ጊዜ 3 ዓመት ነው። ባያውቅም እንኳ 15 ዓመት ካለፈ በቃ። ከዚህ ከ15 ዓመቱ ገደብ ሕጉ ያስቀረው የዘር ርስትን ብቻ ነው።

ከዚያ የካቲት 1967 መጣ። የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆነና የርስት ሥርዓት አከተመ። ዛሬ ገበሬ የሚያወርሰው የመጠቀም መብቱን ነው። ማን እንደሚወርስም የመሬት ሕጉ ይወስናል፤ ዘር መቁጠር ብቻውን አይበቃም።

ለዚህ ነው ተረቱን ተማምኖ የሚቀመጥ ሰው የሚያሳስበኝ። አባት ይሞታል፤ አንድ ዘመድ ወራሽ ነኝ ብሎ የከተማውን ቤት ይይዛል። ልጅቷ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሆና «የአባቴ ቤት የት ይሄዳል?» ትላለች። ሦስቱ ዓመት ግን እየቆጠረ ነው።

ደግሞ የሟች ንብረት ሁሉ በአንድ መንገድ አይሄድም። በትዳር የተፈራው ንብረት መጀመሪያ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ የሚስት የራሷ ነው፤ ውርስ አይደለም። ኑዛዜ ከሌለ የባል ግማሽ ለልጆቹ እኩል ይደርሳል። ሚስት ከእሱ ድርሻ በሕግ አትወርስም። ይህን ሰምተው የሚደነግጡ ብዙ ናቸው፤ እኔም ባሎች በሕይወት እያሉ ቢናዘዙ እመርጣለሁ። ለቤተሰብ የሚከፈል ጡረታ ከውርሱ ውጭ ነው፤ የሟች አበዳሪ አይነካውም። የሕይወት ኢንሹራንስ ተጠቃሚው በስም ከተጠቀሰ ለእሱ ይከፈላል፤ ካልተጠቀሰ ውርሱ ውስጥ ይገባል። የባንኩን ገንዘብ ለማውጣት ደግሞ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ውጭ ያለ ሰው ለዚህ ሲል ሥራውን ጥሎ መምጣት የለበትም፤ በኤምባሲ በኩል ለሚያምነው ሰው ውክልና መላክ ይችላል።