«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ»

ጎንደር ውስጥ የተበደለ ሰው ብሶቱን ሲያወራ ቆይቶ ይህቺን ካላለ የጨረሰ አይመስለውም። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች።» አንዳንዱ «ትቆጨኛለች» ይላል። ሌላው መጨረሻውን ይተወዋል፤ ሰሚው ራሱ ይሞላዋል።

በቅሎ ድሮ ሀብትም ማዕረግም ነበረች። ሹሙም ካህኑም ሙሽራውም የሚቀመጠው በበቅሎ ነው። ጭብጦ ደግሞ የመንገደኛ ስንቅ ናት። ሊጡ በእጅ ጭብጥ ተደርጎ ስለሚጋገር ስሟን ከዚያ አገኘች። ጠዋት በጋቢ ጫፍ ትቋጠራለች፣ ቀትር ላይ ምንጭ ዳር ትበላለች፣ አለቀች። ዛሬ ፍርድ ቤት ውስጥ ዳኛው ከክርክሩ መሀል ለይተው የሚይዙት ነጥብም «ጭብጥ» ነው የሚባለው። ሁለቱም ከ«ጨበጠ» የወጡ ናቸው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

በቅሎ በፍርድ የምትሄደው እንዴት ነው? በድሮው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቆሙ ነበር። ነገሩ ሲጠብቅ በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳሉ። የተረታው ይከፍላል። ጎንደር ከ1628 ዓ.ም. ጀምሮ የነገሥታት መቀመጫ ስለነበረች ሙግት ለሰዉ ባዳ አልነበረም። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በቤተ መንግሥቱ ደጅ «ጃንሆይ!» እያሉ ፍርድ የሚጠይቁ ሰዎችን ጩኸት ጽፎልናል። ምሳሌውን ከዚህ ለይቼ ማየት ያስቸግረኛል። ዳኛ ፊት ቆሞ በቅሎውን ያጣ ሰው ቢያንስ ተሰምቷል።

አያቴ ከጎረቤታቸው ጋር በወሰን ዓመታት ተሟገቱ። ተረቱ። ስለዚያ መሬት ሲጠየቁ «ዳኛ አየው፣ ምስክር ተሰማ፣ ለሱ ሆነ» ብለው ቡናቸውን ፉት ይላሉ። ከጎረቤታቸው ጋርም ማኅበር ይጠጡ ነበር። የጋቢው ነገር ግን ሌላ ነው። አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ አንድ ጉልበተኛ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ገፎ ሄደ። ሊያመለክቱ ቢሄዱ «በአንድ ጋቢ ነው እንዴ ሥራ የምታስፈታን?» ተብለው ተመለሱ። ይህን ሲያወሩ እጃቸው ሳይታወቃቸው ወደ ግራ ትከሻቸው ይሄዳል። መሬቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፣ ጋቢው ግን ምሽቱን ሙሉ ይወስዳል።

በዛሬ አጠራር የአያቴ መሬት የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ ጋቢው ወንጀል ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ጉዳቱን ይካስ ይላል። ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል ነው። ሕጉ የጎደለውን ልሙላ እንጂ ሰውየውን ልቅጣ አይልም። ወንጀል ላይ ሲደርስ ነገሩ ይለወጣል። ጭብጦዋ በዱላ ከተነጠቀች ዋጋዋ ስንት ነበር ተብሎ ነገሩ አይተውም፤ ውንብድና ነው። ከሳሹም ዐቃቤ ሕግ ነው። ከአንዱ ትከሻ ጋቢ የገፈፈ ነገ ከሌላው ይገፍፋልና።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ዓላማውን ገና በአንቀጽ 1 ላይ ይናገራል። የሁሉንም ሰላምና ደህንነት መጠበቅ ነው። መንገዱ ደግሞ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ነው፤ ምን ወንጀል እንደሆነና ቅጣቱ ምን እንደሆነ ማሳወቅ። ቅጣት የሚመጣው ይህ አልበቃ ሲል ነው፤ ጥፋተኛው እንዳይደግመው፣ ለሌላውም ትምህርት እንዲሆን፣ ራሱም እንዲታረም። ማስጠንቀቂያው መቅደሙን በጣም እወደዋለሁ። በእኛ አካባቢ ደም ሲመላለስ ስንት ቤት እንደተዘጋ የማያውቅ የለም። አያቴ ያን ቀን ዱላ አለማንሳታቸው ትዕግሥታቸው ነው፤ ግን ሰላማችን በአንድ ሰው ትዕግሥት ላይ መንጠልጠል አልነበረበትም።

ምሳሌውን ለራሳችን ብቻ ስንጠቅሰው ደግሞ ቅር ይለኛል። ገበያ መሀል «ሌባ!» ተብሎ የሚደበደበው ልጅስ? ሕገ መንግሥቱ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹሕ ነው ይለዋል። ሰርቆ ቢሆን እንኳ ያ ዱላ ያለ ፍርድ የወረደ ነው።

ባለፈው ክረምት ማመልከቻ ከሚጽፉ ሰውዬ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ዝናቡ በላስቲኩ ላይ ይወርዳል። ባጃጅ ገጭቷቸው እግራቸው የተሰበረ አንዲት እናት መጡ።

«ልጁ ይታሰርልኝ አላልኩም» አሉ። «ግን ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም።»

«እሱን ዐቃቤ ሕግ ይዞታል፣ እናቴ። ይሄ የመታከሚያዎን ለማስመለስ ነው።»

«ሁለቱንም ዳኛ ያየዋል?»

«ያየዋል።»

እናትየው መቀነታቸውን ፈቱና የሐኪም ቤት ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አወጡ። እያንዳንዱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው እያቃኑ ለጸሐፊው አቀበሏቸው።