«ለጌታ ሰጠሁት» ማለት ምንድን ነው?

አንድ ጊዜ ከጅማ አዲስ አበባ ለምትማረው ልጄ ቡናና ማር ጠቅልዬ ለአውቶቡስ ረዳት ሰጠሁ። «አደራ» አልኩት፤ ሦስቴ ሳልለው አልቀርም። ሱቄን ከፍቼ እንደተቀመጥኩ ግን አላስቻለኝም። ሰኮሩ ሲደርሱ ደወልኩ። ወልቂጤ ላይ ደወልኩ። ወሊሶ ላይ ስደውል ረዳቱ «እህቴ፣ ካላመንሽኝ ለምን ሰጠሽኝ?» አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ ብዙ አሰብኩ። ጸሎቴም እንደዚሁ ነበራ!

በቤተ ክርስቲያን «ለጌታ ሰጠሁት» ስንል ምን ማለታችን ነው? መዝሙር 37፥5 «መንገድህን ለእግዚአብሔር አደራ ስጥ፥ በእርሱም ታመን» ይላል። አደራ የሚለውን ቃል እኛ እናውቀዋለን። አደራ የሰጠ ሰው ዕቃውን አልጣለውም፣ አልናቀውምም። የሚወደውን ነው የሚሰጠው። ግን ከእጁ ወጥቷል። ራስን ለእግዚአብሔር ፈቃድ ማስረከብ ይሄ ነው፦ ሥራዬን እሠራለሁ፤ ውጤቱም፣ ጊዜውም፣ መንገዱም የእርሱ ነው።

ሥራ መተው አይደለም። ቡና በሚለቀምበት ወቅት ጅማ ውስጥ ማን እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል? ቡናው ሊደርቅ ማስጫ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሰማዩ ከጠቆረ ሮጦ መሸፈን ነው። ያዕቆብም በመልእክቱ (4፥13-15) የሚናገረው «እንነግድማለን እናተርፍማለን» ለሚሉ ነጋዴዎች ነው። አትነግዱ አላላቸውም። «ጌታ ቢፈቅድ ብንኖርም» በሉ ነው ያላቸው። እዚህ ከተማ ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ»፣ ሙስሊም ጎረቤቱ «ኢንሻአላህ» ሳይል ቀጠሮ አይሰጥም። ቃሉ አፋችን ላይ አለ። የሚከብደው ልብ ውስጥ ማስገባቱ ነው።

የማርታን ታሪክ (ሉቃስ 10፥38-42) ስንሰማ ጥፋቷ ወጥ ቤት መግባቷ ይመስለናል። እኔ እንደዚያ አይመስለኝም። ማርታ ኢየሱስን በቤቷ ተቀበለች፤ ግን ቆይታ፣ እግሩ ሥር ተቀምጣ ስለምትሰማው እህቷ ስለ ማርያም «እንድታግዘኝ ንገራት» አለችው። ጌታዋን ምን ማድረግ እንዳለበት አዘዘችው። እርሱም የነገራት «በብዙ ነገር ትጨነቂአለሽ ትታወኪማለሽ» ብሎ ነው። እኔም ስንት ቀን ተንበርክኬ ለእግዚአብሔር የሥራ ዝርዝር ሰጥቼው ተነስቻለሁ። ይሄ ይሁን፣ ያ እስከ ዓርብ ይለቅ፣ እገሌ ብሬን ይመልስ። «ፈቃድህ ትሁን» የምለው መጨረሻ ላይ፣ እንደ ፊርማ ነበር።

ደግሞ የሚያጣድፈን ሁሉ ክፉ ነገር አይደለም። እድሩ፣ ልቅሶው፣ መዘምራኑ፣ ኮሚቴው፣ ሁሉም መልካም ነው። ፈቃዱን መጠየቅ አንዳንዴ «ዘንድሮ አልችልም» ብሎ አንዱን መተው ነው። ይሄ ለእኔ ገንዘብ ከመስጠት ይከብደኛል።

አንዴ ሰጥቶ የሚያልቅ ነገርም አይደለም። ጌታችን ራሱ ከመያዙ በፊት በጌቴሴማኒ «ፈቃድህ ትሁን» ብሎ ያንኑ ቃል ሦስት ጊዜ ጸልዮታል (ማቴዎስ 26፥44)። እኔ አሁን ማታ ከመተኛቴ በፊት የነገውን አንድ በአንድ በስሙ እጠራለሁ፦ ሱቁ፣ የእናቴ ጉልበት፣ የልጄ ፈተና። ለእያንዳንዱ «አደራ» እላለሁ። ሌሊት ስነቃ አንዱን መልሼ ይዤው አገኘዋለሁ። እንደገና ስሙን ጠርቼ እሰጣለሁ።