ራስ አገዝ ቡድን ምንድን ነው?

ድሬዳዋ ላይ «በጎ አድራጎት» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ዱቄትና ዘይት ነው። በረመዳን፣ በፋሲካ፣ ወይም ጎርፍ ሲመጣ የሚታደለው። እርዳታው ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። በ1998 ዓ.ም ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ቤቱን ላጣ ሰው የሚያስፈልገው ድንኳን፣ ብርድ ልብስና ምግብ ነበር። ያን ሰሞን ስለ ቁጠባ ላስተምር ብሎ የሚመጣ ቢኖር ማን ይሰማዋል? ጥያቄው የሚመጣው በኋላ ነው። ዘይቱ ሲያልቅስ?

የሰፈር በጎ አድራጎት ድርጅቶች ለዚህ ከሚሰጡት መልስ አንዱ ራስ አገዝ ቡድን ይባላል። ኑሯቸው የተቀራረበ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ጎረቤቶች፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች፣ በየሳምንቱ ተሰብስበው ትንሽ ትንሽ ይቆጥባሉ። ከተጠራቀመው እየተበደሩ ይሠራሉ፣ እየሠሩ ይመልሳሉ። ድርጅቱ ገንዘብ አይሰጣቸውም። አንድ ብር እንኳ።

ታዲያ ድርጅቱ ምን ይሠራል? አመቻች ይመድባል። አመቻቿ ቤት ለቤት ዞራ ማን ከእጅ ወደ አፍ እንደሚኖር ትለያለች፣ ቡድኑን ታሰባስባለች፣ ደንብ ሲያወጡ አብራ ትቀመጣለች፣ ሂሳብ አያያዝ ታሳያለች። ውሳኔ ግን አትወስንም። ማን ይበደር፣ ስንት ይበደር፣ የቀረ ስንት ይቀጣ፣ ይህ ሁሉ የአባላቱ ጉዳይ ነው። ሰብሳቢም በየስብሰባው ይቀያየራል። ይህች ትንሽ የምትመስል ነገር ብዙ ጣጣ ታስቀራለች። እኛ አገር ማኅበር የሚፈርሰው አንዱ ሊቀመንበር ሆኖ ወንበሩ ላይ ሲከርም ነው።

አሠራሩ የመጣው ከህንድ ነው። ወደ እኛ የገባው በ1994 ዓ.ም ገደማ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ቲርፈንድ ከሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት ጋር ሆና ናዝሬት ላይ በጥቂት ቡድኖች ጀመረችው። ዛሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ አገር በቀሉም የውጭውም ድርጅት ይሠራበታል።

«ይሄማ ዕቁብ አይደል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ዕቁብ ዙሩ ሲያልቅ ሁሉም ድርሻውን ወስዷል፣ ሳጥኑ ባዶ ነው። ዕጣው መቼ እንደሚወጣላችሁም አታውቁም፤ ልጃችሁ ዛሬ ታሞ ዕጣው ከአራት ወር በኋላ ሊወጣ ይችላል። ደግሞ ዕቁብ ለመግባት ዋስና የማይቋረጥ ገቢ ይጠየቃል፣ የቀን ሠራተኛዋ ከየት ታምጣ? ዕድር ለቀብር ነው። ሐረር ያለው አፎቻ የሚባለው ማኅበርም ዋና ሥራው ሠርግና ሐዘን ነው። ራስ አገዝ ቡድን ውስጥ ገንዘቡ አይከፋፈልም፣ እዚያው ይዞራል። ተራው የሚደርሰው በዕጣ ሳይሆን «ለምን ፈለግሽው? እንዴት ትመልሻለሽ?» ተብሎ ተመክሮበት ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። 20 ሴቶች በሳምንት 20 ብር ይቆጥባሉ እንበል። ሳምንቱ 400 ብር፣ ዓመቱ 20,800 ብር ይሆናል። በዛሬ ገበያ ምን አላት ትሉ ይሆናል። እስቲ ቀፊራ አካባቢ ሳምቡሳ የምትሸጥ አንዲት ሴት እናስብ። በእጇ ገንዘብ ስለሌለ ጠዋት ዱቄቱን በኪሎ፣ ዘይቱን በትንሽ በትንሹ ከባለሱቅ በዱቤ ትወስዳለች። ማታ ስትመልስ ባለሱቁ ዋጋው ላይ የሆነች ነገር ጨምሮበታል። እሷ ቀኑን ሙሉ በዚያ ሙቀት ምጣድ ላይ ተጥዳ የምታገኘው ትርፍ እዚያች ጭማሪ ላይ ያልቃል። ደሃ ሁልጊዜ በችርቻሮ ነው የሚገዛው፤ ስለዚህ ለአንድ ሊትር ዘይት ከሀብታሙ የበለጠ ይከፍላል። ከቡድኑ 3,000 ብር ብትበደርና ዱቄቱን በኬሻ፣ ዘይቱን በጀሪካን ብትገዛ፣ ሳምቡሳው ያው ሳምቡሳ ነው። ደንበኛውም ያው ነው። የተቀየረው የባለሱቁ ጭማሪ ኪሷ ውስጥ መቅረቱ ነው። ምንም አዲስ ሙያ አልተማረችም። ብዙ የሥራ ፈጠራ ሥልጠና ይህን ነጥብ ይስታል፤ ሰዎቹ ሥራ አጥተው ሳይሆን መነሻ ገንዘብ አጥተው ነው የተያዙት።

ስብሰባው ረጅም አይደለም። ስም ይጠራል፣ ቁጠባ ይሰበሰባል፣ ከፊት ለፊታቸው ተቆጥሮ ድምሩ ጮክ ተብሎ ይነገራል። ያልተማሩት እንኳ ድምሩን በቃላቸው ይዘው ነው የሚሄዱት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቢጎድል መጀመሪያ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ከዚያ የብድር ጥያቄ ይሰማል። ከቁጠባው ውጭ ለሕመምና ለድንገተኛ ችግር የምትሆን ጥቂት ብር ለብቻ ይዋጣል። «ድር ቢያብር» የሚለውን ለመድረክ ንግግር እንተወውና፣ ሰዎቹን የሚያስተሳስራቸው ይኼ ነው፦ የተበደረችው ሴት ካልመለሰች ማን እንደሚጎዳ ሁሉም በስም ያውቃል።

ድሬና ሐረር ላይ አንድ ጉዳይ ሳይነሳ አይታለፍም። ወለድ። መደበኛው አሠራር ተበዳሪዋ ትንሽ ጨምራ እንድትመልስ ያደርጋል፣ ጭማሪው የቡድኑ ነው። ለብዙ ሙስሊም አባላት ግን ይህ ሪባ፣ በእስልምና የተከለከለ ወለድ ነው፣ ስሙን «የአገልግሎት ክፍያ» ብትሉትም ነገሩ ያው ነው የሚሉ አሉ። አንዳንዱ ቡድን ጭማሪውን ጨርሶ ያስቀርና ቁጠባውን ከፍ ያደርጋል። ሌላው መንገድ ቡድኑ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ በግልጽ በተነገረ ትርፍ ለአባሏ በዱቤ መሸጥ ነው። ከወለድ ነፃ ባንኮች የሚሠሩበት ሙራባሃም ይኸው ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብሩን የት እናስቀምጥ የሚለውም ቀሏል። ይህን ሳይጠይቅ ከሌላ ከተማ ያመጣውን ደንብ የሚያድል ድርጅት ካለ፣ አቦ፣ ግማሹን ሰው ከበሩ እንደመለሰ ይወቀው።

ቡድኖቹ ሲጠነክሩ ከ8 እስከ 10 የሚሆኑት ተወካይ ልከው ኅብረት ያቋቁማሉ። ኅብረቱ የውሃ ቦኖ፣ የመታወቂያ፣ የመሥሪያ ቦታ ጉዳይ ይዞ ቀበሌ ይሄዳል። አንዲት ሴት ብቻዋን ሄዳ «ነገ ነይ» የተባለችበት ቢሮ፣ የ150 ሴቶች ተወካይ ሆነው ሲሄዱ ወንበር ይሰጣቸዋል።

የሚበላሸው መቼ ነው? አብዛኛውን ጊዜ ድርጅቱ ሲቸኩል ነው። የበጀት ዓመት ሊያልቅ ሲል፣ ለሪፖርት የሚሆን ነገር ሲፈለግ፣ ቡድኑ ገና ሳይጠና ከውጭ ትልቅ ብር ይገባል። ያኔ ጎረቤት ጎረቤቱን መጠየቅ ያቆማል። የራሷን 20 ብር ያስቀመጠች ሴት ዓይኗን ከመዝገቡ አታነሳም። የፈረንጅ ብር ከሆነ ግን «ለእኛው የመጣ ነው» ተብሎ ይበላል፣ አሳፋሪም አይደለም።

ሌላም አለ። «ራስን መቻል» የሚለው ነገር ለሁሉም አይሠራም። አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ፣ ጧሪ የሌላቸው እናት፣ ሳምቡሳ ጥበሱ አይባሉም። ለእነሱ ድጋፉ በቀጥታ መድረስ አለበት። በ2009 ዓ.ም በ11 ከተሞች የተጀመረው፣ ድሬዳዋና ሐረርንም የያዘው የመንግሥት የድጋፍ ፕሮግራም፣ የከተማ ሴፍቲኔት፣ ሥራ መሥራት ለማይችሉ ቀጥተኛ ድጋፍ የለየው ለዚህ ነው። እነሱን ትቶ የተሳካላቸውን ብቻ ፎቶ የሚያነሳ ድርጅት ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

ሰፈራችሁ ያለ ቡድን መርዳት ከፈለጋችሁ ብር ይዛችሁ አትሂዱ። የሂሳብ መዝገብ ግዙላቸው። ሂሳብ የምትችሉ ከሆነ በወር አንዴ መዝገቡን አብራችሁ ተመልከቱ። ለሠርግና ለለቅሶ የምታዝዙትን ሳምቡሳና ዳቦም ከእነሱ እዘዙ፣ ሒሳቡን ደግሞ በዕለቱ ክፈሉ። ከባለሱቅ ዱቤ ገና የወጡትን እናንተ ደግሞ በዱቤ አትያዟቸው።