«ያው አንድ ናቸው» ለምትሉኝ

የሰው የእንግሊዝኛ ደብዳቤ እያረምኩ ነው የምኖረው። ማገናኘትና መቀላቀል ለሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት የማትቀር ወሬ አለች፦ «ጆይን፣ ኮምባይን፣ መርጅ... ያው አንድ ናቸው፤ የመጣልህን ጣል አድርግ።» አንድ አይደሉም!

በተለይ መርጅ። «አብሮ መሥራት ማለት አይደል?» ይሉኛል። አይደለም። መርጅ ሲባል ሁለቱ ተዋህደው አንድ ይሆናሉ። በ2008 ዓ.ም ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሃደ። ከዚያ ወዲህ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስን ታፔላ የት አያችሁ? መርጅ እንዲህ ነው። አንድ አስመጪ ደንበኛዬ ሳያሳየኝ ለውጭ አገር አቅራቢው «ከእናንተ ጋር መርጅ ማድረግ እንፈልጋለን» ብሎ ላከ። ሰውየው የፈለገው ዕቃ በቋሚነት መግዛት ነበር። መልሱ የመጣለት ከሽያጭ ክፍሉ ሳይሆን ከጠበቃቸው ነው።

ካላመናችሁኝ ኤክሴል ክፈቱ። ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ሴሎች ስምና የአባት ስም ጻፉና መርጅ በሏቸው። ስም ይቀራል፤ የአባት ስም ድራሹ ይጠፋል። ፕሮግራሙ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ እኛ ነን ሳናነብ እሺ የምንለው። በደብዳቤያችሁ ሁለቱም እንደየራሳቸው እንዲቆዩ ከፈለጋችሁ ግን ኮምባይን ብላችሁ ጻፉ። ኮምባይን ውስጥ የየራስ መልክ የግድ አይጠፋም። ስትጠራጠሩ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ነገ ቢፈለግ ተመልሰው ይለያያሉ? ከተለያዩ መርጅን እርሱት።

«ሚክስና ብሌንድስ?» ሰላጣ ሚክስ ይደረጋል፤ ቲማቲሙ ግን ቲማቲም እንደሆነ ይታያል። ብሌንድ ሲሆን መለየት ያስቸግራል። ቡና ቆዪዎች የይርጋጨፌን ቡና ከሌላ አገር ቡና ጋር መጥነው አንድ ጣዕም ሲያወጡለት ብሌንድ የሚሉት ለዚህ ነው።

ጋዘርና ኮሌክት ይቀራረባሉ። ግን ቴምብር እየመረጠ የሚያጠራቅም ሰው ኮሌክት ነው የሚያደርገው፤ ግብርም ኮሌክት ይደረጋል። ለቅሶ ቤት የሚሰበሰብ ሰው ጋዘር ያደርጋል።

አሴምብል ለሚገጣጠም ነገር ነው። ዩናይት ለሕዝብና ለአገር ነው፤ እባካችሁ ሁለት ፋይል ዩናይት አታድርጉ።

ክለብ ስትገቡ ጆይን ብቻ ይበቃል፤ ቱ አያስፈልገውም። መርጅ ቱጌዘር ብላችሁ ከጻፋችሁ ቱጌዘሩን እሰርዘዋለሁ፤ መርጅ ብቻውን ጨርሶታል። ጆይን ቱጌዘርን ግን የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው ይሉታል። እሱን ትቼላቸዋለሁ።